ጨረታው 455 ዶላር ይላል፣ ቁርጡ 880፦ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሰርግ ያነሳል። ለጥር ሰርጎች የሚሆነው ያገለገለ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ካሜራ ልገዛለት ነው። ኢቤይ ላይ ሁለት አገኘሁ። አንዱ ቁርጥ 880 ዶላር ነው። ሺፒንጉ ነጻ ነው፣ ሁለት ባትሪና ቻርጀር አለው፣ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል ይላል። ከሥሩ ደግሞ ኦፈር (የራስን ዋጋ) መላክ እንደሚቻል ተጽፏል። ሌላው ጨረታ ነው። በ99 ሳንቲም ተጀምሮ 310 ደርሶ ነበር። 400 ብዬ ስገባ ወዲያው 405 ሆነና ተበልጠሻል አለኝ። 450 አልኩ፤ በሰከንድ 455 ሆነ። ሻጩ ራሱ እየጨመረ ይሆን? ባለፈው ወርም ሁለት ጨረታ በመጨረሻዋ ሰከንድ ተነጥቄያለሁ። ይኼኛው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሺፒንጉ 32 ዶላር ነው፣ ባትሪ የለውም፣ ዕቃ አልመልስም ይላል። ዕቃውን የሚወስድልኝ ዘመድ ለገና ለመድረስ ከ16 ቀን በኋላ ይበራል። የ425 ዶላር ልዩነት ቀላል አይደለም። ልጫረት ወይስ ቁርጡን ልግዛ?»

ቁርጡን ግዢ። 880 ግን አትክፈዪ፤ ኦፈር ላኪበት። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። በመሃል ግን ጥያቄሽ ውስጥ መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉ። በዚህ ካሜራ ባይጎዱሽ በሚቀጥለው ዕቃ ይጎዱሻል።

ከቁጥሩ እንጀምር። 455 የካሜራው ዋጋ አይደለም። ገና ሁለት ቀን በቀረው ጨረታ ላይ የሚታየው ቁጥር፣ እስካሁን ሁለተኛ የወጣው ሰው ያቆመበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ። ካሜራውን የምር የሚፈልጉት ሰዎች አብዛኞቹ ገና እጃቸውን አላወጡም። ገጹን ምልክት አድርገውበት ሰዓቱን እየጠበቁ ነው። 455ን ከ880 ጋር ማወዳደር በእረፍት ሰዓት ውጤት ዋንጫ እንደ መስጠት ነው። የ425 ዶላሩ ልዩነት ስክሪኑ ላይ እንጂ ኪስሽ ውስጥ የለም። ወደ ታች ቁጭ ብለን ስናሰላው ምን ያህል እንደሚቀር ታያለሽ።

«ሻጩ ራሱ እየጨመረ ይሆን?» ላልሽው፣ ያየሽው ነገር ብቻውን ይህንን አያሳይም። ኢቤይ ላይ የምታስገቢው ቁጥር ወዲያው የምትከፍይው ሒሳብ አይደለም፤ ጣሪያሽ ነው። ጣሪያሽን የሚያውቀው ሲስተሙ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሲመጣ ሲስተሙ በአንቺ ፈንታ ይጫረታል፤ ለመምራት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጨምራል። አሁን ከአንቺ በፊት አንድ ሰው ገብቶ ጣሪያውን 600 አድርጎ ወደ ሥራው ሄዷል እንበል። አንቺ 400 ስትዪ ሲስተሙ ሰውየውን ወክሎ 405 አለ። ከ250 እስከ 500 ዶላር ባለው እርከን የጭማሪው መጠን 5 ዶላር ነውና። 450 ስትዪ ደግሞ 455። ሰውየው በዚያ ሰዓት ተኝቶ ሊሆን ይችላል። አንቺ የገጠመሽ ሰው ሳይሆን ቀድሞ የተቀመጠ ቁጥር ነው። በ50 በ50 እየጨመርሽ ብትገፊው ጣሪያውን እስክታልፊ ድረስ ሁልጊዜ በ5 እና በ10 ዶላር ይበልጥሻል። በዚህ መሃል አሸናፊው የሚከፍለውን ታስወድጃለሽ እንጂ የምታተርፊው የለም።

ይህ ማለት ግን ማጭበርበር የለም ማለት አይደለም። በጓደኛ ወይም በሁለተኛ አካውንት የራሱን ዕቃ ዋጋ የሚያስወጣ ሻጭ አለ። በድርጅቱ ደንብ ክልክል ነው፤ ግን ይደረጋል። ማየት ከፈለግሽ የጨረታውን ታሪክ ክፈቺ። የተጫራቾቹ ስም የተሸፈነ ነው። አንዱን ስትነኪው ግን የ30 ቀን እንቅስቃሴውን ያሳይሻል፤ ከዚህ ሻጭ ጋር ምን ያህሉን እንዳደረገም በመቶኛ ይነግርሻል። አንድ ሰው ብዙ ዕቃ ላይ ተጫርቶ፣ ሁሉም የአንድ ሻጭ ከሆነ፣ ያንን ሻጭ ተዪው። አንድ ዕቃ ላይ ብቻ የተጫረተ አዲስ ሰውም 100 በመቶ ብሎ ስለሚታይ፣ መቶኛውን ብቻ አይተሽ ሰው አትወንጅዪ።

ሁለተኛው ስህተት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ወገኖቻችን ላይ አይቼዋለሁ። እኛ ጨረታ ሲባል የምናውቀው የታሸገ ፖስታ ነው። ሰነድ ትገዣለሽ፣ ሲፒኦ ታሲዣለሽ፣ ዋጋ ጽፈሽ ታሽጊያለሽ። የመሬት ሊዝ ሲሆን አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የጻፈውን ነው። እዚያ የልብን ዋጋ መጻፍ ኪሳራ ነው። 100 የሚያወጣልሽን በ100 ብታሸንፊ ምንም አላተረፍሽም። ስለዚህ ሰው ከልቡ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፤ ልክም ነው። አንቺም 400፣ ከዚያ 450 ያልሽው በዚሁ ልማድ ነው።

ኢቤይ ግን ከታሸገ ፖስታ ይልቅ ለሐራጅ ይቀርባል። ልዩነቱ በአንቺ ፈንታ እጁን የሚያወጣው ሲስተሙ መሆኑ ነው። አሸናፊው የሚከፍለው የራሱን ጣሪያ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ሰው ካቆመበት ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ስለዚህ የልብሽን ቁጥር ብታስገቢ በራሱ አያስከፍልሽም። ዊልያም ቪክሪ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን በጽሑፍ አሳይቷል፦ አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ ለተጫራች የሚበጀው እውነተኛ ጣሪያውን መናገር ነው። በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው በተነገረ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ኢቤይን ለሚጠቀም ሰው ከሐሳቡ የሚወሰደው አጭር ነው። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ገጹን ዝጊ።

ስለዚህ ባለፈው ወር ማንም አልነጠቀሽም። ያሸነፈሽ ሰው ጣሪያው ከጣሪያሽ ይበልጥ ነበር። ጣሪያሽ የምር ጣሪያ ከነበረ፣ በዚያ ዋጋ ዕቃውን አትፈልጊውም ነበር፤ የቀረብሽ ነገር የለም። «10 ዶላር ብጨምር ኖሮ» ብለሽ ከተቆጨሽ ደግሞ ያስገባሽው ጣሪያ ሳይሆን መለማመጃ ነበር።

በመጨረሻዋ ሰከንድ መግባት ክልክል አይደለም። የኢቤይ ጨረታ የሚዘጋው በተባለው ሰከንድ ነው፤ ማንም ቢመጣ አይራዘምም። ይህ ደንብ ራሱ ሰውን ወደ መጨረሻዋ ሰከንድ ይገፋል። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ሥራ ኢቤይን በዚያ ዘመን ከነበረው የአማዞን ጨረታ ጋር አወዳድረዋል። የአማዞኑ ደንብ ሌላ ነበር፦ መጨረሻ ላይ ሰው ከገባ፣ ያለ አዲስ ዋጋ 10 ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ይራዘማል። እዚያ የመጨረሻ ደቂቃ ሩጫው በጣም ያነሰ ነበር። አንቺም ስትጫረቺ ከመዘጋቱ 10 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ጣሪያሽን ብታስገቢ ይሻላል። ጥቅሙ ሰው ማታለል አይደለም። እንደ አንቺ በ50 በ50 ለሚጨምሩት ሰዎች የሌላ ዙር ጊዜ እንዳትሰጪያቸው ነው። ይህንን በራስ ሰር የሚያደርጉልሽ ድረ ገጾች አሉ፤ የአካውንትሽን የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። የባንክ ካርድሽ የተያያዘበትን አካውንት ቁልፍ ለማንም አትስጪ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ጨረታ ይረክሳል የሚለው እምነት ከየት መጣ? አንዳንድ ጊዜ እውነት ስለሆነ ነው። ኢቤይ በ1995 በካሊፎርኒያ ሲጀመር ጨረታ ብቻ ነበር። ፒየር ኦሚድያር ለሙከራ የሸጠው የመጀመሪያ ዕቃ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ነው። 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ገዢው የተበላሹ የሌዘር ጠቋሚዎችን የሚሰበስብ ሰው ነበር። ጨረታ የሚጠቅመው እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ነው። የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ስንት ያወጣል? ማንም አያውቅም። ጨረታው ራሱ ዋጋውን ፈልጎ ያገኘዋል።

ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ግን እንዲህ አይደለም። ከ2016 ጀምሮ የተሸጠ የታወቀ ካሜራ ነው። በማንኛውም ቀን ብዙ ያገለገሉ አካላት (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ለገበያ ይቀርባሉ፤ ዋጋውም ይታወቃል። ኢቤይ ራሱ በ2000 የቁርጥ ዋጋ ቁልፍ ጨመረ፤ ዛሬ እዚያ ከሚሸጠው አብዛኛው በቁርጥ ነው። ሰው ለታወቀ ዕቃ ሳምንት መጠበቅ ሰልችቶታል።

አንድ ጥናት እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። ኡልሪከ ማልመንዲየርና ያንግ ሃን ሊ በ2011 ያሳተሙት ነው። አንድ የሰሌዳ ጨዋታ መርጠው፣ ኢቤይ ላይ በጨረታና በቁርጥ በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ተከታተሉ። ዕቃው አንድ፣ ገጹ አንድ። ከጨረታዎቹ 42 በመቶው ያለቁት እዚያው ጎን ካለው ቁርጥ ዋጋ በላይ ነው። ይህ የሆነው ሁሉም ሰው ስሌት ስለማያውቅ አይደለም። አብዛኛው ተጫራች ልኩን ያውቃል። ጨረታ ግን የሚያሸንፈው አማካዩን ሰው ሳይሆን ከሁሉም በላይ የሚከፍለውን ነው። ከ20 ተጫራች አንድ ሁለቱ በእልህ ከገቡ ዋጋውን ለማስወጣት ይበቃሉ። ልኩን ያወቀው ይሸነፋል፣ እልኸኛው ያሸንፋል። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ሰው ደግሞ በሦስተኛው እልህ ይይዘዋል። ይህንን የምልሽ ሁለት ጊዜ እንደተሸነፍሽ ስለነገርሽኝ ነው።

እንግዲህ ጣሪያሽን እናስላ። የሚሰላው ከጨረታው ሳይሆን ከቁርጡ ወደ ታች እየወረዱ ነው። ቁርጡ 880 ነው፤ ማድረሻው ነጻ ነው። የጨረታው 32 ዶላር ማድረሻ አለበት፤ 848 ቀረ። ቁርጡ ሁለት ባትሪና ቻርጀር አለው፤ ጨረታው ባዶውን ነው። ደህና ባትሪና ቻርጀር ለየብቻ ለመግዛት 80 ዶላር ልያዝ፤ 768። ሻጩ አልመልስም ይላል፤ ሻተሩ (ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተኮሰም ከጻፍሽልኝ ውስጥ አላየሁም። ለዚህ ሥጋት እኔ ብሆን ቢያንስ 70 እቀንሳለሁ፤ 698። ገና አላለቀም። የምትከፍይው ቁርጥ 880 ሳይሆን ኦፈር የሚቀበልሽ ከሆነ 800 ነው። ሌላ 80 ይወርዳል፤ 618። የጨረታው ጣሪያሽ ይኸው ነው። ከዚያች በላይ የምትጨምሪው እያንዳንዱ ዶላር ከቁርጡ የባሰ ግዢ ነው። 455 ላይ የቆመው ጨረታ ደግሞ ከ600 በታች ይዘጋል ብዬ አልጠብቅም።

የቨርጂኒያን የሽያጭ ታክስ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በአንቺ አካባቢ 6 በመቶ ነው፣ ድረ ገጹ ራሱ ይቆርጣል፣ በሁለቱም ግዢ ላይ አለ። ምርጫውን አይለውጠውም።

80 እና 70 የእኔ ግምት ነው። አንቺ ቁጥሩን ለማጥራት ኢቤይ ላይ የካሜራውን ስም ጽፈሽ፣ ማጣሪያው ውስጥ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጪ። የተጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ያሳይሻል። ባትሪ ያላቸውን ከሌላቸው ለዪ። ለመለዋወጫ ብቻ የሚሸጡትን አውጪ። የቀሩትን አሥር አሥራ አምስት እዪና መሃል ላይ ያለውን ያዢ። 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከማንም ምክር ይበልጣል፤ ከእኔም።

ከዋጋውም በላይ የአንቺን ጉዳይ የሚወስነው ቀኑ ነው። 16 ቀን አለሽ። ጨረታው ከሁለት ቀን በኋላ ይዘጋል። ብታሸንፊ ሻጩ ለመላክ ሦስት ቀን ቢወስድ አምስተኛው ቀን ነው። በታኅሣሥ፣ ፈረንጅ ለገና በሚላላክበት ወቅት፣ ዕቃ መንገድ ላይ አንድ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ እጅሽ ገባ። ለመሞከር አራት ቀን ቀረሽ። ብትሸነፊስ? ቀጣዩ የሰባት ቀን ጨረታ ሲያልቅ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ካሜራው ሲደርስ ዘመድሽ በሩ ላይ ሻንጣ እየዘጋ ነው። ያኔ ተጣድፈሽ ያገኘሽውን በማንኛውም ዋጋ ትገዣለሽ። ቀን ያለበት ሰው ጨረታ ውስጥ አቅም የለውም። ወንድምሽ ደግሞ የጥር ሰርግ ቀብድ ተቀብሎ ይሆናል።

ስለዚህ ኦፈሩን ዛሬ ማታ ላኪ። እኛ መርካቶ ላይ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህ የምናውቀው ጨዋታ ነው። 800 በይ። 600 ብለሽ አትጀምሪ፤ አንዳንድ ሻጭ ከተወሰነ በታች የሚመጣውን ሳያየው በራሱ እንዲመለስ አድርጎ ያስቀምጣል። የምትልኪው ኦፈር ብዛትም የተወሰነ ነው። አጭር መልእክት ጨምሪበት፦ ዛሬውኑ እንደምትከፍይ፣ የሻተሩን ቁጥር እንዲነግርሽ። 840 ብሎ ቢመልስ 820 በይ። 840 ላይ ቢቆም ግዢው። ነገ ማታ ድረስ መልስ ካልመጣ ሌላ ቁርጥ ፈልጊ። ከኢቤይ ውጪም ያገለገለ ካሜራ ፈትሸው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ የወራት ዋስትና ጨምረው በቁርጥ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ጆርጂያ ያለው ኬኢኤች አንዱ ነው፤ ኤምፒቢ ሌላው ነው። ትንሽ ሊወደዱ ይችላሉ። ለአንቺ ግን ችግር ሲኖር የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ዋጋ አለው። ተቀባይነት ያገኘ ኦፈር ግዴታ እንደሆነም አትርሺ፤ ሒሳቡ ከካርድሽ ወዲያው ሊቆረጥ ይችላል።

በጨረታው ላይ አንድ ነገር ማድረግ የምትችዪው ኦፈርሽ ተቀባይነት ካጣ ብቻ ነው። 618ን፣ ወይም ከተሸጡት አይተሽ ያረምሽውን ቁጥር፣ አንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ አስገቢ። ከፈለግሽ 618 ከ37 ሳንቲም አድርጊው። ሁለት ሰው እኩል ካስገባ ቀድሞ የገባው ነው የሚያሸንፈው፤ ክብ ቁጥር የሚወድ ሰው ብዙ ስለሆነ ሳንቲሟ አንዳንዴ ትረዳለች። ኦፈሩ መልስ እየተጠበቀበት ሳለ ግን በፍጹም አትጫረቺ። ሁለቱም ቢሳኩልሽ ሁለቱንም መክፈል ይኖርብሻል። ኢቤይ ላይ ዋጋ ማስገባት ቃል መግባት ነው። የሚሰረዘው በስህተት የተሳሳተ ቁጥር ስትጽፊ፣ የዕቃው መግለጫ ሲቀየር፣ ወይም ሻጩን ማግኘት ካልቻልሽ ነው። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ምክንያት አይደለም።

«መመለስ አይቻልም» የሚለውን ጽሑፍ ብዙ ሰው የሚረዳው በስህተት ነው። ሻጩ አልመልስም ቢልም፣ የመጣው ዕቃ ከተገለጸው የተለየ ከሆነ ወይም ጭራሹን ካልመጣ የኢቤይ የገንዘብ መመለስ ዋስትና ይሸፍንሻል። በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት ነው። ጨረታም ቁርጥም አይለይም። የማይሸፍነው ሐሳብ መቀየርን ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሻጩ «ይሠራል» ብቻ ብሎ ከጻፈ፣ ከተገለጸው የተለየ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። እኔ ካሜራ እጠግናለሁ። አንድ ደንበኛዬ በጨረታ ያሸነፈውን አካል ይዞልኝ መጣ። የባትሪውን ክዳን ስከፍተው መዳሰሻዎቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። ውሃ ገብቶበት ነበር። መሽከርከሪያዎቹን ሳዞር የአሸዋ ድምፅ ይሰማል። መግለጫው ላይ የነበሩት ሦስት ፎቶዎች ናቸው፤ ሦስቱም ከፊት። «ይበራል፣ ያነሳል» ይላል። እውነትም ይበራል፣ ያነሳል። ያ ሰው ቁርጡን ቢገዛ ኖሮ ከጥገናው ጋር ሲደመር ረክሶለት ነበር። ስለዚህ የባትሪውን ቤት፣ የሌንሱን ማሰሪያና የሴንሰሩን (ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል) ፎቶ ያላስቀመጠ ሻጭ ካለ ጠይቂው። ካልላከ እለፊው።

ከዚህም የሚበልጠውን አስጠንቅቄሽ ልለፍ፤ ውጭ ላለን ሰዎች ዋናው ይኸ ነው። ዕቃው ቤትሽ ከደረሰ በኋላ ወደ ሌላ አድራሻ ከተላከ ዋስትናው ይቀራል። ካሜራው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ወንድምሽ «አንዱ ካርድ ቦታ አያነብም» ብሎ ቢደውል የምታደርጊው ነገር የለም። መፈተሽ ያለበት አሌክሳንድሪያ ላይ ነው፤ በአንቺ እጅ። ይህ ካሜራ ሁለት የካርድ ቦታ አለው፤ አንዱ ለሲኤፍ፣ አንዱ ለኤስዲ። ሁለቱንም አስገብተሽ አንሺበት። ሌንስ ተውሰሽ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 22 (የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ጠቦ) አንሺና ፎቶውን አጉልተሽ እዪ፤ በየፎቶው እዚያው ቦታ ላይ የሚቀመጥ ጥቁር ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ነው። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት አይጸዳም። የሻተሩን ቁጥር ፎቶው ውስጥ አታገኚውም፤ ካኖን እዚያ አይጽፈውም። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተሽ በፕሮግራም ታነቢያለሽ። የዚህ ሞዴል ሻተር የተሠራው 150,000 ጊዜ እንዲተኩስ ታስቦ ነው። ያለፈ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ሻጩ 60,000 ብሎሽ 140,000 ካገኘሽ ግን ያ ከተገለጸው የተለየ ነው፤ ያንኑ ቀን አመልክቺ።

የሚያሳስበኝ ሌላው የገንዘቡ መንገድ ነው። ሻጩ «ከኢቤይ ውጪ በዜል ብትልኪልኝ 50 ዶላር እቀንስልሻለሁ» ካለሽ አትስሚው። ከሲስተሙ ውጪ የወጣ ብር ዋስትና የለውም፤ በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በሚልከው መተግበሪያ፣ የሄደ ደግሞ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ከተሸነፍሽ በኋላ «አሸናፊው አልከፈለም፣ አንቺ ውሰጂው» የሚል ኢሜይልም ሊመጣሽ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሁለተኛ ዕድል በእውነት አለ። እውነተኛው ግን አካውንትሽ ውስጥ፣ የኢቤይ መልእክት ሳጥን ውስጥ ይታያል። ኢሜይል ላይ ብቻ ከሆነ ሌባ ነው።

እንዲህ ስል ጨረታን ጨርሶ ተዪ ማለቴ አይደለም። ቀን ከሌለብሽ፣ ዕቃው ብርቅ ከሆነ ወይም ዋጋውን በቅጡ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ጨረታ ጥሩ ነው። የአባትሽ ዘመን የፊልም ካሜራ፣ ከምርት የወጣ ሌንስ፣ ርዕሱ ላይ ስሙ በስህተት ተጽፎ ሰው ያላገኘው ዕቃ፣ እኔም የምገዛው በጨረታ ነው። የተበላሸውን ራስሽ መጠገን ከቻልሽማ ጨረታ ላይ ካንቺ የሚቀድም የለም፤ ሌላው የፈራውን ሥጋት አንቺ በራስሽ እጅ ስለምታስተካክዪው። ለወንድምሽ የምትገዢው ካሜራ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

ካሜራው ደርሶ፣ ፈትሸሽ፣ ደህና ከሆነ፣ ለዘመድሽ ስትሰጪ ካሜራውን በእጅ ሻንጣ አድርጊው። ትርፍ ባትሪውንማ ግዴታ ነው፤ የሊቲየም ትርፍ ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስወጥተው ያስቀሩታል። የባትሪውን የብረት አፍ በፕላስተር ሸፍኚ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል አዲስ አበባ ላይ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የሶኬት ማስገቢያ ብቻ ጨምሪለት። የሴሪያል ቁጥሩን ካሜራው ሥር ካለው ጽሑፍ ላይ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ከግዢው ደረሰኝ ጋር ለወንድምሽ ላኪለት።